ስለ መንጋጭላ እንቅስቃሴና ስለ ጥርስ አገጣጠም የሚሰጠው የመግቢያ ትምህርት ሲመረመር

የጥርስ ሕክምና የሚማር ሁሉ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለ መንጋጭላ እንቅስቃሴና ስለ ጥርስ አገጣጠም የሚናገር አንድ ስስ የመግቢያ ጽሑፍ ይሰጠዋል። ጽሑፉ ከባሕር ማዶ መጻሕፍት ተውጣጥቶ የተሰናዳ ነው፤ ከዓመት ወደ ዓመት እየተባዛ ከነባሩ ተማሪ ወደ አዲሱ ይተላለፋል። እኛም በዚሁ ጽሑፍ ተምረን፣ ሸምድደን፣ ተፈትነንበት አልፈናል። ስለዚህ ዛሬ ልንተቸው ስንነሣ ውለታውን ረስተን አይደለም። ዳሩ ግን አንድ ትምህርት የሚመዘነው ለፈተና በማብቃቱ ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው በሽተኛ ፊት በቆመ ጊዜ በሚያሠራው ሥራ ጭምር ነው ብለን እናምናለን። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣንም በአንድ በሽተኛ ፊት የደረሰብን እፍረት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ ልምምድ በሚያደርግበት ክሊኒክ፣ በታች ጋይንት ከአርብ ገበያ አካባቢ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጥርሴን አመመኝ ብለው ቀረቡ። አፋቸው ሲታይ የመንጋጋ ጥርሶቻቸው ጉብታ አልቆ እንደ ገበታ ተስተካክሏል፤ ክራንቻቸውም ጫፉ ተበልቶ ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ሆኗል። ተማሪው በመግቢያው ጽሑፍ ያየውን ሥዕል በልቡ ይዞ ነበርና በካርዱ ላይ «አገጣጠሙ የተበላሸ» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም የአሥራ አንድ ጥርሶች ከፍታ እንዲመለስ መሠራት ያለበትን ሁሉ ዘረዘረ። ሽማግሌው ዝርዝሩ ሲነገራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኔን ያመመኝ አንዱ ነው። አሥሩ ምን በደሉህ?» አሉ።

አስተማሪው ይህን ሰምቶ ጠጋ አለና፣ «አባቴ፣ እስቲ ቆሎ እንደሚያላምጡ አድርገው ያሳዩኝ» አላቸው። ሲያሳዩት መንጋጭላቸው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያለ አንዳች እንቅፋት ይንሸራተት ነበር፤ ጡንቻቸው ሲጫን አያማቸውም፤ መገጣጠሚያውም ድምፅ የለውም። የታመመው አንዱ መንጋጋ የተቦረቦረ ነበርና እርሱ ብቻ ታከመ፤ ሽማግሌውም መርቀው ሄዱ። እኛ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ በእጃችን ያለውን ጽሑፍ እንደ ገና፣ በሌላ ዓይን ማንበብ ጀመርን።

በመጀመሪያ ጽሑፉ ያለውን በጎ ነገር መናገር ይገባናል። አጥንቶቹንና ጡንቻዎቹን በትክክል ይጠራል፤ ልኮቹንም አላሳሳተም። ከእርሱ እንደ ተማርነው የመንጋጭላው ራስ ከጆሮ ፊት ለፊት ባለ የራስ ቅል ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከልም ዲስክ የሚባል ስስ ትራስ አለ። ይህ ትራስ መገጣጠሚያውን ከሁለት ይከፍለዋል። በታችኛው ክፍል የመንጋጭላው ራስ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፤ በላይኛው ክፍል ደግሞ ራሱና ትራሱ አብረው ወደ ፊትና ወደ ታች ይንሸራተታሉ። አፍ ሲከፈት በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርስ መካከል እስከ 20 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ድረስ መዞሩ ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን መንሸራተት ግድ ነው። ጤነኛ ሰው አፉን በሰፊው ሲከፍት ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። መንጋጭላውን የሚዘጉት ማሴተር፣ ቴምፖራሊስና ሚዲያል ቴሪጎይድ የሚባሉት ጡንቻዎች ናቸው፤ ወደ ፊትና ወደ ጎን የሚስበው ዋናው ደግሞ ላተራል ቴሪጎይድ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ነገር ግን ይህ እውነት በጽሑፉ ውስጥ በሦስት ገጽ ተነግሮ ያልቃል፤ የቀሩት ገጾች ሁሉ ስለ ተዘጋ አፍ ናቸው። አንደኛው ነቀፌታችን ይህ ነው። ጽሑፉ ርእሱን «እንቅስቃሴ» ብሎ ጀምሮ ወዲያው ከጀሶ የተሠራ ጥንድ ቅርጽ አምጥቶ በጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ የላይኛው ከታችኛው ጋር እንዴት እንደሚገጥም ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ መንጋጭላው ዳግመኛ አይነቃነቅም። ኤድዋርድ ኤንግል የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1899 ያወጣው ክፍፍል፣ ይኸውም የላይኛውን የመጀመሪያ መንጋጋ መሠረት አድርጎ የጥርስን አገጣጠም በሦስት የሚመድበው፣ የትምህርቱ ቁልፍ ሆኖ ቀርቧል። ክፍፍሉ ጠቃሚ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የሚናገረው ጥርሶች በተዘጉበት ቅጽበት የት እንደ ቆሙ እንጂ ምን እንደሚሠሩ አይደለም።

ደግሞስ የሰው ጥርስ ስንት ጊዜ ነው ተዘግቶ የሚቆየው? ሰው ዝም ብሎ በተቀመጠ ጊዜ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት አለ። ምግብ በማላመጥና ምራቅ በመዋጥ ጥርስ ከጥርስ የሚነካካበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከሃያ ደቂቃ እንደማይበልጥ ይገመታል። ስለዚህ ተዘግቶ የቆመውን አፍ ብቻ የሚያጠና ተማሪ፣ ገበሬን በእንቅልፉ ሰዓት አይቶ ስለ እርሻ መጽሐፍ እንደሚጽፍ ሰው ነው።

ስሕተቱ ምናልባት ከቃሉም የመጣ ይመስለናል። «አገጣጠም» ስንል በልባችን የሚመጣው አናጢ በር ከመቃኑ ጋር ሲያገጥም ነው። ነገር ግን ገጠመ የሚለው ግስ በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው፤ በሩ ገጠመ እንላለን፤ ሁለቱ ኃይለኞች ገጠሙ እንላለን። ከኋለኛው ግጥሚያ የሚለው ስም ይወጣል። የጥርስ ነገር ከበሩ ይልቅ ወደ ግጥሚያው የቀረበ ነው። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ በየቀኑ በመካከላቸው እህል አግብተው ይገናኛሉ፤ ይገፋፋሉ፤ ይለያያሉ። አበው እንኳን ሰውና ሰው፣ ጥርስና ምላስም ይጋጫሉ ያሉት የአፍን ውስጥ ኑሮ ከሥዕሉ ይልቅ በሚገባ ስለሚያውቁት ነው።

ኡልፍ ፖሴልት እ.ኤ.አ. በ1952 ያቀረበው ምርመራ ለዚህ ጉድለት መድኃኒት ሊሆን ይችል ነበር። እርሱ የታችኛው የፊት ጥርስ ጫፍ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ታች ሊደርስበት የሚችለውን የመጨረሻ ዳርቻ ሁሉ በመስመር አሳየ፤ የዕለት ተዕለቱ ማላመጥ በዚያ ዳርቻ ውስጥ የሚመላለስ ትንሽ ዑደት መሆኑንም አስረዳ። ጽሑፋችን የፖሴልትን ሥዕል አትሟል፤ ነገር ግን ሥዕሉ እንደ ሙዝ ያለ ቅርጽ እንዳለው ከመናገር በቀር አንድም ጊዜ አልተጠቀመበትም። እኛም ቅርጹን በፈተና ወረቀት ላይ ሥለን ነጥብ አገኘንበት፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን አልጠየቅንም።

ትምህርቱ ከሥዕል ይልቅ ከተማሪው ከራሱ ገላ ቢጀምር ምን ነበረበት? አንባቢም እዚሁ ይሞክረው። ሁለቱን ጣቶች ከሁለቱ ጆሮዎች ፊት ለፊት አኑሮ አፉን ቀስ አድርጎ ይክፈት፤ በመጀመሪያ የመንጋጭላው ራስ ከቦታው ሳይርቅ ሲዞር፣ አፉ እየሰፋ ሲሄድ ደግሞ ወደ ፊት ወጣ ሲል ይሰማዋል። ቀጥሎ ጥቂት ቆሎ በቀኝ መንጋጋው ያላምጥ። መንጋጭላው ወደ ቀኝ በሚሄድበት ጊዜ የቀኙ ራስ ብዙም ሳይርቅ ይዞራል፤ ረጅሙን መንገድ ወደ ፊት፣ ወደ ታችና ወደ ውስጥ የሚጓዘው የግራው ነው። እህሉ በቀኝ ሳለ ብዙ የሚጓዘው መገጣጠሚያ የግራው መሆኑን በጣቱ ያወቀ ተማሪ፣ በአንድ በኩል የታመመ ሰው ለምን በዚያኛው በኩል ማላመጥ እንደሚመርጥ ወይም እንደሚሸሽ ለመረዳት አይቸገርም።

ከዚህም ጋር እናቶቻችን የሚያውቁት ወፍጮ አለ። በመጅ ሲፈጭ የታችኛው ድንጋይ ጸንቶ ይቀመጣል፤ የሚመላለሰው የላይኛው መጅ ነው። በአፍ ውስጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የላይኛው ጥርስ በራስ ቅል ጸንቶ ይቆማል፤ የሚመላለሰው የታችኛው ነው። የሥራው ቅደም ተከተል ግን አንድ ነው። እህል በወፍጮ መጀመሪያ ይሸረከታል፤ ቀጥሎ ይፈጫል፤ በመጨረሻም ይልማል። ቆሎም በአፍ እንዲሁ መጀመሪያ ተቆርጥሞ ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ መንጋጭላው ወደ ጎን እየሄደና እየተመለሰ ያልመዋል። ምግቡ በጠነከረ መጠን ዑደቱ ይሰፋል። አንድ ልዩነት አለ፤ እርሱም ለሐኪም ትልቅ ነገር ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲለዝብ ይወቀርና ሥራውን ይቀጥላል፤ የጥርስ ኢናሜል ግን አንድ ጊዜ ከተፋቀ አያድግም። ስለዚህ ሐኪሙ አገጣጠም አስተካክላለሁ ብሎ የሚሞርደው ሁሉ ለዘላለም የሄደ ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ጽሑፉ ለምሳሌ ያቀረበውን አፍ ይመለከታል። በሥዕሉ ያለው አፍ ሠላሳ ሁለት ጥርሶች ሁሉ ሳይጎድሉ፣ ጉብታዎቻቸው ሳይበሉ፣ በመካከላቸው ክፍተት ሳይኖር ተሰልፈው የሚታዩበት ነው። ይህን አፍ ጽሑፉ «ጤናማ» ብሎ ይጠራዋል፤ ከእርሱ የተለየውን ሁሉ «ጉድለት» ይለዋል። በቀድሞ ዘመን የተነሡ ሊቃውንት እንዲህ ያለ ፍጹም ልክ ሲፈልጉ ኖረዋል። ቦንዊል የተባለው አሜሪካዊ በሁለቱ የመንጋጭላ ራሶችና በታችኛው የፊት ጥርሶች መካከል እያንዳንዱ ጎኑ 4 ኢንች፣ ይኸውም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሦስት ማዕዘን አለ አለ። ጀርመናዊው ሽፔ እ.ኤ.አ. በ1890 የጥርሶች ረድፍ ከጎን ሲታይ ጎበጥ ያለ መስመር እንደሚሠራ ገለጠ። እነዚህ ልኮች ሰው ሠራሽ ጥርስ ለመሥራትና አርቲኩሌተር የሚባለውን መሣሪያ ለማበጀት ረድተዋል። ነገር ግን ለመሣሪያ የተበጀ አማካይ ልክ በሕያው ሰው ላይ እንደ ሕግ ሲጫን ጉዳት ያመጣል።

እንግዲህ ወደ አርብ ገበያ እንመለስ። አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋና ወይና ደጋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ጤፍ ይዘራል፤ ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው ቆላም ማሽላ ይበቅላል። ገበያተኛው ቆሎውን በኪሱ ወይም በጨርቅ ቋጥሮ እየቆረጠመ መንገድ ይመታል። በጾም ወራት ቆሎና ንፍሮ የብዙ ሰው ምሳ ነው። በዚያው በጋይንት የቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት አለ፤ ወደዚያ ዜማ ፍለጋ የሚጓዘው ደቀ መዝሙርም «የቆሎ ተማሪ» የሚባለው ስሙን ከስንቁ አግኝቶ ነው። የዛሬዎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ደግሞ ዕድሜያቸውን አጋማሽ ያህል በድንጋይ የተፈጨ ዱቄት የበሉ ናቸው፤ ከድንጋዩ የሚረግፈው ደቃቅ አሸዋ ከዱቄቱ ጋር ሆኖ ጥርስን ይበላል። በእንደዚህ ያለ አገር ያረጀ ጥርስ ጉብታው ቢያልቅ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ባያልቅ ነው።

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። አውስትራሊያዊው ቤግ እ.ኤ.አ. በ1954 የአገሩን ጥንታውያን ነዋሪዎች ጥርስ መርምሮ፣ በከባድ ምግብ ምክንያት የሚደርሰው መበላትና ጥርሶች ቀስ በቀስ ወደ ፊት መጠጋታቸው የሰው ልጅ የጥንት ተፈጥሮ ነው፤ የማይበላው ጥርስ የአዲሱ ለስላሳ ምግብ ውጤት ነው ብሎ ጻፈ። ከእርሱ አራት ዓመት በኋላ ዳሚኮ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የለም፣ ክራንቻ ጥርስ መንጋጭላውን ወደ ጎን ሲሄድ እየመራ የኋላ ጥርሶችን እንዲጠብቅ የተሠራ ነው፤ የክራንቻ መበላት ከልማዱ የወጣ ነገር ነው ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ያዩት ነገር አለ። በወጣት አፍ ክራንቻ ለብቻው ይመራል፤ ክራንቻው በተበላ አፍ ደግሞ ከእርሱ በኋላ ያሉት ጥርሶች ተባብረው ሸክሙን ይካፈላሉ። ይህ መተባበር ሕመም እስካላመጣ ድረስ በሽታ አይደለም። ጽሑፋችን ግን ክርክሩን ሳይነግረን የአንደኛውን ወገን ፍርድ ብቻ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አስተማረን። በዚያ ሽማግሌ ካርድ ላይ የተጻፈው ስሕተት የተማሪው ብቻ እንዳልሆነ የምንናገረው ስለዚህ ነው።

በዚህም ላይ ፍንጭት አለ። በላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት በጽሑፉ ከሚታረሙት ጉድለቶች ተርታ ተቈጥሯል። በአገራችን ግን ፍንጭት የመልክ ጌጥ ነው፤ ፍንጭቷ ያማረ ልጅ ትመሰገንበታለች። ያልታመመችውን፣ ያልጠየቀችውን፣ የምትወደደበትን ነገር ልዝጋልሽ ማለት ሕክምና ነውን?

ሦስተኛው ነቀፌታችን ከሁሉ የከፋ ነው፤ እርሱም ጽሑፉ ዝም ስላለበት ነገር ነው። ጽሑፉ ክራንቻን እጅግ ያከብራል፤ ሥሩ ከጥርሶች ሁሉ የረዘመ መሆኑን፣ በረድፉ መታጠፊያ ላይ መቆሙን፣ የጎን እንቅስቃሴን መምራቱን ይተነትናል። በአገራችን ግን በብዙ ቦታ፣ በአማራ ክልል ጭምር፣ የሕፃናት የወተት ክራንቻ ገና ከድድ ሳይወጣ ተፈልፍሎ የሚነቀልበት ልማድ መኖሩን አንድ ቃል አይናገርም። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው፣ ክራንቻው ሊወጣ በተቃረበበት ቦታ ድዱ ነጣ ብሎ አብጦ ይታያል፤ የሕመሙ ምክንያት እርሱ ነው ይባልና በስለት ይወጣል። እናቲቱን የምንወቅስበት አፍ የለንም፤ ልጇ እንዳይሞትባት የምታደርገው ነው። ዳሩ ግን ተቅማጡ ከጥርሱ አልመጣም፤ የሚያስፈልገው ሕይወት አድን የሚባለው ኦ.አር.ኤስ.ና የጤና ባለሙያ ነው። ስለቱ ግን ደም መፍሰስና መመረዝ ያስከትላል።

ከዚያም የተረፈው ሕፃን ዕዳውን በአፉ ተሸክሞ ያድጋል። የወተት ክራንቻ በተፈጥሮው ከ16ኛው እስከ 23ኛው ወር ባለው ጊዜ ይወጣል፤ በሥሩ ያለው ቋሚ ክራንቻ ግን ገና በአራተኛውና በአምስተኛው ወር አካባቢ መጠንከር ይጀምራል። ስለቱ የወተቱን ብቻ አገኘሁ ሲል ቋሚውንም ሊነካ ይችላል። ቋሚው በታች ከ9 እስከ 10፣ በላይ ከ11 እስከ 12 ዓመት ሲደርስ ጠባሳ ይዞ፣ ተጣሞ ወይም ቦታውን ስቶ ሊወጣ፣ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ይጠጋሉ፤ የረድፉ መካከል ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ መንጋጭላው ወደዚያ ጎን ሲሄድ የሚመራው ጥርስ የለውም።

ቋሚው ጥርስ ለወተቱ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ለማየት ከአገራችን ምድር የተሻለ አስተማሪ የለም። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በአፋር በድኪካ ያገኛትና እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም የተገለጠችው ሰላም፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት፤ በራጅ መሣሪያ ስትመረመር የወተት ጥርሶቿ በቦታቸው ሳሉ ያልወጡት ቋሚ ጥርሶች በመንጋጭላዋ ውስጥ ተሰልፈው ታይተዋል። በሰላም መንጋጭላ ውስጥ የታየው ተራ ዛሬ በጋይንት ሕፃን መንጋጭላ ውስጥም አለ።

እ.ኤ.አ. በ1994 በእስራኤል አገር የወጣ ጥናት ከኢትዮጵያ በሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆች አፍ ውስጥ የዚህን ልማድ ምልክት መርምሮ ለዓለም ሐኪሞች አስታውቋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን የሚቀጣ ክፍል አለው። ባዕድ የጻፈበትን፣ ሕግ አውጪ ያሰበበትን ነገር የኛው የመግቢያ ጽሑፍ ዝም ማለቱ ምን ይባላል? ውጤቱም ይህ ነው፤ ተማሪው ክራንቻ የሌለው ወጣት ሲያይ በካርዱ ላይ «ከተፈጥሮ የጎደለ» ብሎ ይጽፋል፤ እናቱን አይጠይቅም፤ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት በቤት መኖሩንም አይጠይቅም። የመጀመሪያው ልጅ አፍ ለሁለተኛው ልጅ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ሲችል ዕድሉ ያልፋል።

አራተኛው ነቀፌታችን ስለ ቋንቋ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን አንቃወምም፤ መጻሕፍቱ በዚያ ቋንቋ ናቸው። ነገር ግን በሽተኛው የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ አማርኛም ስለ መንጋጭላ እንቅስቃሴ ድኻ አይደለም። ሰው ዳቦ ይገምጣል፤ ክር በጥርሱ ይበጥሳል፤ ቆሎ ይቆረጥማል፤ እንጀራ ያላምጣል፤ አጥንት ይግጣል፤ በእንቅልፉ ጥርሱን ያፋጫል። እያንዳንዱ ግስ የተለየ የመንጋጭላ መንገድና የተለየ ኃይል ነው። ሐኪሙ «ሲበሉ ያምዎታል?» ብሎ ከመጠየቅ «ሲቆረጥሙ ነው ወይስ ሲያላምጡ?» ቢል ግማሹን ምርመራ በጥያቄ ይጨርሳል። አንድ ጠንካራ ነገር ሲቆረጥም ወይም ሲለቅ ብልጭ የሚል ሕመም የተሰነጠቀ ጥርስን ያስጠረጥራል፤ ሲያዛጉ ከጆሮ ፊት የሚወጋ ሕመም መገጣጠሚያውን ያስጠረጥራል፤ ጠዋት ሲነሡ መንጋጭላ የሚዝል ከሆነ ሌሊት ጥርስ ማፋጨት መኖሩን መጠየቅ ይገባል። ይህን ሁሉ ቃል ከእናታችን ተምረነው ሳለ በክፍል ውስጥ እንደ ባዕድ ቃል ረሳነው።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ላይ እንዲህ ብለው ሊመልሱልን ይችላሉ። «ይህ የመግቢያ ጽሑፍ ነው፤ ጀማሪ መጀመሪያ ፍጹሙን ይወቅ፤ ልዩ ልዩውን በኋላ ይደርስበታል።» ነገሩ በመልኩ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ከሥራ ላይ ያየነው በመጀመሪያ የተተከለው ሥዕል በኋላ ለመንቀል እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ነው። ደግሞም የተበላ ጥርስ ልዩ ነገር፣ የተሟላው ግን የተለመደ የሚሆነው በየትኛው አገር ነው? ለአርብ ገበያ የጤና ጣቢያ የተለመደው የትኛው ነው? ሌሎችም «ሳይንስ አገር የለውም» ይሉናል። እኛም እንስማማለን፤ የመንጋጭላው ራስ በለንደንም በጋይንትም እኩል ይዞራል። ነገር ግን እንቅስቃሴው የሚገናኘው ከምግብ፣ ከዕድሜና ከልማድ ጋር ነው፤ እነዚህ ደግሞ አገር አላቸው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። ትምህርቱ ከጀሶው ቅርጽ በፊት በተማሪው በራሱ ጆሮ ፊት ላይ ባለ ጣትና በአንድ እፍኝ ቆሎ ይጀመር። የኤንግልም፣ የቦንዊልም፣ የሽፔም ልክ ይቅር አንልም፤ እንደ መለኪያ ይሰጥ እንጂ እንደ ፍርድ አይሰጥ። ከተሟላው አፍ ሥዕል ጎን የተበላ የሽማግሌ አፍና ክራንቻ የሌለው የወጣት አፍ ይታተም። በካርዱ ላይ «አገጣጠሙ የተበላሸ» ተብሎ ከመጻፉ በፊት በሽተኛው ያላምጥ፤ ጡንቻውና መገጣጠሚያው ይዳሰስ፤ ምን እንደሚበላ ይጠየቅ። ክራንቻ የጎደለ ሲገኝ የሕፃንነቱ ታሪክ ይጠየቅ፤ በቤት ሕፃን ካለም ነገሩ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይድረስ።

ይህን ማድረግ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ ወደ ጤና ጣቢያዎችና ወደ ገጠር ይልክ የነበረው፣ በሽታን ከነአገሩ እንዲያውቁት ነው። የጥርስ ሕክምና ተማሪም አንድ አርብ ቀን በአንድ ገበያ ዳር ተቀምጦ ሰው እንዴት እንደሚያላምጥ ቢያይ፣ በሦስት ሳምንት ከሸመደደው የበለጠ ያገኛል።

እኛ ጽሑፉን ቀድደን እንጣለው አላልንም። በኅዳጉ ብዙ ጻፍንበት እንጂ። ከሁሉ አስቀድመን የጻፍነው ግን ከሽማግሌው የተማርነውን ነው፤ ያመመውን አንዱን እናክም፤ ያልበደሉትን አሥሩን እንተዋቸው።